«ጨርሻለሁ»

በደብረ ማርቆስ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ከአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት አጠገብ ለቆመ ሰው እንዲህ ያለው ንግግር እንግዳ አይሆንበትም። ከባሶ ሊበን ወይም ከአነደድ የመጡ፣ ጋቢያቸውን የደረቡ አንድ አባት ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ትንሽ የመድኃኒት ፖስታ ያወጣሉ። ፖስታው ጥግ ጥጉ ወዝቷል፤ በላዩ በእስክሪብቶ «ማታ ማታ 1» ተብሎ የተጻፈው ግን ገና ይነበባል። ውስጡ አንድ ስትሪፕ አለ፤ አሥሩም ቤት ባዶ ነው፣ የተቀደደው የብር ወረቀት ብቻ ተንጠልጥሏል። «አባቴ፣ ይሄን መቼ ጨረሱት?» ትላለች ባለሙያዋ። «ለጥምቀት ጨርሻለሁ ልጄ። አሁን የመጣሁት ለግፊቱ ነው።» ወሩ ግን ግንቦት ነው።

«ጨርሻለሁ» የምትለዋ ቃል በአማርኛችን ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንደኛው «አለቀብኝ» ነው፤ ሁለተኛው «የታዘዝሁትን ፈጸምሁ» ነው፣ ውስጡም ኩራት አለበት። ጤና ጣቢያውም ሆነ ጤና ኬላው ለዓመታት ያስተማረን ይህንኑ ሁለተኛውን ነው፤ የወባ ኪኒን ሲሰጥ፣ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ፣ የቲቢ ሕክምና ሲጀመር «ሳያቋርጡ ይጨርሱ» ይባላል፤ ሰውም ተቀብሎ ጨራሽ ሆኗል። በዚያው ልማድ ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮሉ ኪኒን ሲመጣ ግን ትምህርቱ ይገለበጣል። ይህ መድኃኒት የሚፈጸምለት ቀን የለውም። ሰውየው ስትሪፑን ጨርሶ ደህና ሲሆን፣ ጉበቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ እሱ ግን ምንም አይሰማውም። አያተኩሰው፣ አያስለው፣ አያቅለሸልሸው።

በከተማው ስለነዚህ ኪኒኖች የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። «የትኛው ይሻላል? አቶርቫው ነው ሮሱቫው? ኦሪጅናሉ ነው የሕንዱ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው፤ መልሱን ከዚህ በታች በቁጥር አስቀምጣለሁ። ነገር ግን ማስረጃው ተሰብስቦ ሲታይ በእህትማማቾቹ ኪኒኖች መካከል ያለው ልዩነት፣ በሚዋጠውና በሚቋረጠው መካከል ካለው ልዩነት በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ በጎጃም ደጋ የስታቲን ምርጫ መጀመር ያለበት «ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ የሚገኘው የትኛው ነው?» ከሚለው ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የስታቲን የዘሩ ነገር ራሱ ለጎጃም ቤት ቅርብ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በቶኪዮው የሳንክዮ ኩባንያ ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ የሻጋታ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ፈትሾ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያውን ስታቲን ያገኘው በእህል ላይ ከሚበቅል ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ነበር። በክረምት ከመሶብ ውስጥ ሰንብቶ በሚሻግት እንጀራ ላይ ከሚወጡት ሻጋታዎችም አንዳንዶቹ የዚያው ወገን ዘመዶች ናቸው። ኤንዶ የገበሬ ልጅ ነበር፤ በ90 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2024 አረፈ። ሻጋታው ራሱን ከሌሎች ተሕዋስያን ለመከላከል ይሠራዋል ተብሎ የሚገመተው ንጥረ ነገር፣ የሰው ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን አንድ ኢንዛይም ያግዳል። ጉበት ምርቱ ሲቀንስበት የጎደለውን ከደም መሳብ ይጀምራል፤ በገጹ ላይ ኤልዲኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል የሚይዙ መቀበያዎችን ያበዛል፤ ደሙም እየጠራ ይሄዳል። ሎቫስታቲን እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ለገበያ ተፈቀደ። ሲምቫስታቲን፣ ፕራቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲንና ፒታቫስታቲን ተከታትለው መጡ። ሰሪቫስታቲን የተባለው ጡንቻን ክፉኛ እያፈረሰ ሰው ስለገደለ አምራቹ ባየር እ.ኤ.አ. በ2001 ከገበያ አወጣው። ከዚህ ቤተሰብ የተጣለ እሱ ነው፤ የቀሩት ተፈትነው ያለፉ ናቸው።

ፈተናው እንዴት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው የስካንዲኔቪያ ጥናት ቀድሞ የልብ ሕመም ያጋጠማቸውን 4,444 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሹ ሲምቫስታቲን ለግማሹ ባዶ ኪኒን ሰጥቶ ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተላቸው። ባዶውን ከወሰዱት 256 ሲሞቱ፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት የሞቱት 182 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የኃይል ንጽጽሩ በደንብ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ስቴላር የተሰኘ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤልዲኤልን ሮሱቫስታቲን 10 ሚሊ ግራም ከመቶ 46 ያህል፣ አቶርቫስታቲን 20 ከመቶ 43፣ ሲምቫስታቲን 40 ከመቶ 39፣ ፕራቫስታቲን 40 ደግሞ ከመቶ 30 ይቀንሳሉ። ሮሱቫ በሚሊ ግራም ሲታይ ብርቱ ነው። ግን ብርታት በሚሊ ግራም የሚለካ ከሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የቁጥር ጉዳይ ብቻ ይሆናል። መጠኑን እጥፍ ማድረግም የሚጨምረው ቅናሽ ከመቶ 6 አካባቢ ብቻ ነው፤ ከአቶርቫስታቲን 10 ወደ 20 ሲኬድ ከ37 ወደ 43፣ ከ20 ወደ 40 ሲኬድ ከ43 ወደ 48። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያው ኪኒን ነው።

የላቦራቶሪ ቁጥር ሌላ፣ የሰው ዕድሜ ሌላ ነው የሚል ቢኖር ልክ ነው፤ ለዚህ መልስ የሚሰጠው ከደቡብ ኮርያ የመጣው ሎደስታር የተሰኘ ጥናት ነው። በ12 ሆስፒታሎች የልብ ደም ሥራቸው የጠበበ 4,400 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ ለግማሾቹ ሮሱቫስታቲን ለግማሾቹ አቶርቫስታቲን ተሰጥቶ ለሦስት ዓመት ተያዙ። የሞቱት፣ የልብ ድካት የመታቸው፣ ስትሮክ ያገኛቸው ወይም የልብ ደም ሥራቸውን ማስከፈት የነበረባቸው ሲደመሩ በሮሱቫው በኩል ከመቶ 8.7፣ በአቶርቫው በኩል ከመቶ 8.2 ሆኑ፤ ተራ መለያየት ነው። ሮሱቫ የወሰዱት ላይ መድኃኒት የሚያስጀምር የስኳር በሽታ ትንሽ በዝቶ ታየ። ስለዚህ «ሮሱቫው ዘመናዊ ነው» እያሉ ከአቅም በላይ ገንዘብ ማውጣት ማስረጃ የለውም። «ኦሪጅናሉ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ከሆስፒታል የወጡ ከ15,000 በላይ ካናዳውያን ሲነጻጸሩ ኦሪጅናሉን ሊፒቶርን የወሰዱትና በሌላ ስም የተሠራውን አቶርቫስታቲን የወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ ያጋጠማቸው አደጋ እኩል ነበር።

ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱም ለደብረ ማርቆስ የፋርማሲ መስኮት በጣም ቅርብ ነው። እነዚያ አባት የመጡት «ለግፊቱ» ነበር፤ ለግፊት ደግሞ በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ነው። ሲምቫስታቲን ከአምሎዲፒን ጋር ሲሆን በደም ውስጥ ስለሚከማች ከ20 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል፤ አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ይህ ገደብ የለባቸውም። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲን ሌላው ነው፤ ጨጓራ የማያመው ሰው በማይገኝበት አገር ይህን ማወቅ ግዴታ ነው። ክላሪትሮማይሲን በሚወሰድባቸው ቀናት ሲምቫስታቲን መቆም አለበት፤ ሲያልቅ ደግሞ መልሶ መጀመር አለበት። አደጋው ያለው እዚህ ነው፤ «አቁም» የተባለው ሰው «ጀምር» የሚለውን ካልሰማ ቆሞ ይቀራል። በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ሪቶናቪር ያለበትን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲንን ጭራሽ መንካት የለበትም፤ ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች ፒታቫስታቲን እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነው ሪፕሪቭ በተሰኘ ጥናት በ7,769 ሰዎች ተፈትኖ የልብና የደም ሥር አደጋን ከሲሶ በላይ ቀንሷል። ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመ ሰው አቶርቫስታቲንን ያለ መጠን ለውጥ ሊወስድ ይችላል፤ ሮሱቫስታቲን ግን ለእሱ ከ10 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ሰዓቱም ይለያያል፤ ሲምቫስታቲን በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት በመሆኑ ማታ ይወሰዳል። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ በማናቸውም ሰዓት ይሠራሉ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጾሙን ሳይነካ ከራቱ ጋር ሊያደርገው ይችላል፣ ረስቶ ቢያድርም ጠዋት የሚያመጣው ጉዳት የለም። እነዚህን ሁሉ ስመዝን ለጎጃም ደጋ ሰው መነሻው አቶርቫስታቲን መሆን አለበት የሚል ግምት ላይ እደርሳለሁ፤ ምክንያቴ ብርታቱ ሳይሆን ከሌሎች መድኃኒቶችና ከኑሮው ጋር ብዙም አለመጣላቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልመለስ። በዓለም ዙሪያ የተደረጉትን ትላልቅ የስታቲን ጥናቶች አንድ ላይ የሚመረምረው የኦክስፎርድና የሲድኒ ተመራማሪዎች ስብስብ እንዳሳየው፣ ኤልዲኤል በ39 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ያህል በወረደ ቁጥር የልብ ድካትና የስትሮክ አደጋ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ያ ጥቅም ግን በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሙሉ የሚሆነው ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ነው። ይህን በልባችን ይዘን ስናየው፣ ሦስት ወር ወስዶ ሦስት ወር የሚያቋርጥ ሰው ለመድኃኒቱ የሚከፍለውን ይከፍላል፣ ጥቅሙ የሚጀምርበትን ቦታ ግን አይደርስበትም። በዴንማርክ ከ670,000 በላይ ስታቲን የጀመሩ ሰዎች ሲታዩ፣ ገና በጠዋቱ ያቋረጡት ላይ የልብ ድካት ከመቶ 26፣ በልብና በደም ሥር በሽታ መሞት ከመቶ 18 በልጦ ተገኝቷል። የሚያቋርጡ ሰዎች በሌላም ነገር ቸልተኞች ሊሆኑ ስለሚችሉ ቁጥሩን ሁሉ በማቋረጥ ላይ መጫን አይገባም፤ ፈረንሳይ ውስጥ በ75 ዓመታቸው ያቆሙ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ግን ወደዚያው አቅጣጫ ያመለክታል፤ ያቆሙት በልብና በደም ሥር ችግር ለሆስፒታል የመዳረግ ዕድላቸው በሲሶ ጨምሯል። በሮሱቫ 10 እና በአቶርቫ 20 መካከል ያለውን የሦስት ነጥብ ልዩነት ከዚህ ጎን ስናስቀምጠው የትኛው ሊያስጨንቀን እንደሚገባ ግልጽ ይሆናል።

ማቋረጡ ደግሞ ሁልጊዜ የሕመምተኛው ጥፋት አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መድኃኒት የጫነ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ያ መኪናም አብሮ ይቆማል። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ ከቤቱ እስከ ዋናው መንገድ በእግሩ፣ ከዚያ በመኪና ይመጣል፤ ደርሶ «ስቶክ የለም» ከተባለ ቀኑም የትራንስፖርቱም ገንዘብ ጠፍቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ያለው አባወራም በመንግሥት ፋርማሲ መድኃኒቱ ከሌለ ብዙ ጊዜ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል። እንግዲህ ሆስፒታሉ አምስት ዓይነት ስታቲን ጥቂት ጥቂት እያለ ከሚይዝ፣ አንዱን ወይም ሁለቱን አብዝቶ ሳያቋርጥ ቢይዝ ብዙ ሰው ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ስታቲንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ሲያስገባ ከቤተሰቡ አንዱን፣ ሲምቫስታቲንን፣ ወኪል አድርጎ ነበር ያስገባው፤ ሐሳቡ ይኸው ነው፣ አንዱ ይበቃል፣ ግን አይጥፋ።

በዚህ ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ ከልብ ሐኪሞች የሚመጣ ነው። «ልቡን የመታው ሰው ጠንካራ መጠን ያስፈልገዋል፣ ያገኘኸውን ዋጥ ማለት አይበቃም» ይላሉ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ ጥናት የልብ ሕመም በቅርብ ጊዜ ባጋጠማቸው 4,162 ሰዎች ላይ አቶርቫስታቲን 80ን ከፕራቫስታቲን 40 ጋር አወዳድሮ ብርቱው አደጋውን ከመቶ 16 እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ መጠን ይቁጠር፤ በተለይ መድኃኒት ቤቱ አንዱ ጠፍቶ በሌላው ሲተካ። አቶርቫስታቲን 40 የታዘዘለት ሰው ሲምቫስታቲን 20 ተቀብሎ ከሄደ ስሙ «ስታቲን» ስለሆነ ብቻ እኩል አልሆነም፤ ከ48 ወደ 35 ወርዷል። ሮሱቫስታቲን 10 ቢሰጠው ግን ሊጠጋ ይችላል። ይህን ለውጥ ፖስታው ላይ በስሙና በሚሊ ግራሙ መጻፍ፣ ሐኪሙም እንዲያውቀው ማድረግ የባለሙያ ግዴታ ነው። «ማታ ማታ 1» ብቻ የሚል ፖስታ ቀጣዩን ባለሙያ ምንም አይነግረውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሰፊው ሕዝብ የሚመጣ ነው፤ ይበልጥም ይከብዳል። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ዓመቱን አጋምሰን እንጾማለን፣ ተራራ ወጥተን እንወርዳለን፣ ስብ የምናየው በበዓል ነው። ኮሌስትሮል የከተሜ በሽታ ነው» ይላል። ግማሹ ትክክል ነው። ከጮቄ ሥር የሚያርስ፣ ግፊቱ ደህና የሆነ የ40 ዓመት ሰው ኪኒን አያስፈልገውም፤ ማንም እንዲሰጠው አልጠይቅም። ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ የበሽታ መንስኤዎች ጥናት ከ100 አዋቂዎች ወደ 16 የሚጠጉት ከፍ ያለ ግፊት እንዳላቸው አሳይቷል፤ ከፍ ያለ ጠቅላላ ኮሌስትሮል የተገኘባቸው ደግሞ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ስናይ «ታዲያ ስታቲን ለማን ነው?» እንላለን። መልሱ አደጋው ለተደራረበበት ሰው ነው። በብሪታንያ 20,536 ሰዎችን የያዘው የልብ ጥበቃ ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከ193 በታች የሆኑ፣ በላቦራቶሪ ወረቀት «ኖርማል» የሚባሉ ሰዎች እንኳ ስኳር ወይም የደም ሥር በሽታ ካለባቸው እኩል እንደሚጠቀሙ አረጋግጧል። በተቃራኒው ምንም ሌላ ችግር የሌለበት የ30 ዓመት ወጣት «ኮሌስትሮልህ 215 ነው» ተብሎ በአንድ ወረቀት ምክንያት ዕድሜ ልክ ኪኒን መጀመር የለበትም። ወረቀቱ ሁለቱንም ያታልላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የአደጋ ሰንጠረዥ ላቦራቶሪ ለሌለበት ቦታ የሚሆን መልክ አለው፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው የግፊት ቁጥር፣ የክብደትና የቁመት ንጽጽር ብቻ ይበቁታል። የግፊት መለኪያና ሚዛን ያለው ጤና ጣቢያ ሁሉ ሊሠራበት ይችላል።

ዘይቱም በዚሁ ይነሳል። ደጋ ላይ ጠዋት ጠዋት በጀሪካን ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረውን ከውጭ የሚመጣ የፓልም ዘይት «የሚረጋው ዘይት» እንለዋለን፤ ኮሌስትሮል ያመጣል የሚለው ጥርጣሬም መሠረት አለው፣ የሚረጋው በውስጡ ያለው የረጋ ስብ ብዙ ስለሆነ ነው። በኑግ ዘይት ቢተካ መልካም ነው። ከምግብ ለውጥ የሚገኘው የኤልዲኤል ቅናሽ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 እስከ 15 አይበልጥም፤ ስትሮክ ለመታው ሰው ይህ ብቻውን አይበቃውም። ኮሌስትሮል ያወርዳል የሚባለውን ነጭ ሽንኩርት በተመለከተ በአሜሪካ ወደ 200 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሮሱቫስታቲን 5 ሚሊ ግራምን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከእርድና ከቀረፋ ኪኒኖች ጋር አወዳድሮ ነበር፤ ስታቲኑ በ28 ቀን ከመቶ 38 ሲያወርድ ሌሎቹ ከባዶ ኪኒን የተሻለ ነገር አላመጡም። ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ይብዛ፤ በኪኒን ቦታ ግን አይተካ።

የመጨረሻው ፍርሃት ጡንቻና ጉበት ነው። «እግሬን ቆረጠመኝ፣ ተውሁት» የሚል ብዙ ነው፤ ሕመሙንም የፈጠረው ውሸት ነው ማለት አይቻልም። በብሪታንያ ስታቲንን በሕመም ምክንያት ያቆሙ 60 ሰዎች በአንዳንድ ወር ስታቲን፣ በሌላው ወር ባዶ ኪኒን፣ በሌላው ምንም ሳይወስዱ ሕመማቸውን በየቀኑ እንዲመዘግቡ ተደረገ። ከተሰማቸው ሕመም ከመቶ 90 የሚሆነው ባዶው ኪኒን ሲወሰድም መጥቷል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃቱ ነው። ጉዳቱ በልኩ ሲመዘን፣ 10,000 የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለአምስት ዓመት ጠንከር ያለ መጠን ቢወስዱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ከባድ አደጋ ያመልጣሉ፤ ወደ 5 የሚሆኑት ከባድ የጡንቻ ጉዳት፣ ከ50 እስከ 100 የሚሆኑት የስኳር በሽታ፣ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት የጭንቅላት ደም መፍሰስ ሊያገኛቸው ይችላል። ጉበትን በተመለከተ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 በየጊዜው ይደረግ የነበረውን የጉበት ምርመራ አያስፈልግም ብሎ አንስቶታል። ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ጡንቻ በብርቱ ከታመመ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል። እርጉዝ ሴትም ሐኪሟን ሳታማክር መቀጠል የለባትም።

እንግዲህ ያ ፖስታ እንዴት መሞላት አለበት? ለተረጋጋ ሕመምተኛ በአንድ ወር ፈንታ የሦስት ወር ቢሰጥ የአባይን ወዲህና የጮቄን ወዲያ መንገድ ሁለት ሦስተኛውን ይቆርጣል። ለግፊቱ ሲመጣ ስታቲኑም አብሮ ቢሰጠው፣ በአንድ ቀን የሚያልቁ ሁለት መድኃኒቶች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ደግሞ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው፣ የሦስት ስትሪፕ ጥቅልም 30 ፍሬ ነው። ለሚካኤል በ12 የጀመረ ሰው የመጨረሻዋን በሚቀጥለው ወር በ11 ይውጣል፤ መልሶ የሚሞላበትን ቀን ማንም ሳያስታውሰው ያውቀዋል፣ እንደገና ሚካኤል ነው። ባለሙያዋ «ለሚካኤል ይምጡ አባቴ» ብትል ከማንኛውም ቀጠሮ ወረቀት ይልቅ ይያዛል። የሚያጎድለው ጳጉሜን ብቻ ነው። 12 ጥቅል 360 ፍሬ ይሆናል፤ ዓመቱ ደግሞ 365 ቀን አለው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የሚሰጠው ጥቅል ላይ አምስት ፍሬ ይጨመር፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት።